«505» የሚለው ዘፈን ሁለት ኮርድ ብቻ ስለሆነ ነው የሚሰለቸው?

«ኮርዱን በትክክል ነው የምንጫወተው፣ ግን ከመሃሉ ሳንደርስ ይሰለቻል» ላልከው ወንድሜ፣ ችግሩ የኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ማነስ አይደለም። ጊታራችሁ ቶሎ በሙሉ ድምፅ እየገባ ይመስለኛል።

505 የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የአርክቲክ መንኪስ ሁለተኛ አልበም መዝጊያ ዘፈን ነው። አልበሙ «ፌቨሪት ወርስት ናይትሜር» ሚያዝያ 2007 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ 12 ዘፈን አለው። «ብራያንስቶርም» በድራም ሩጫ ይከፍተዋል፣ 505 ደግሞ በኦርጋን ተጀምሮ እየተጠራቀመ ሄዶ ይዘጋዋል። መግቢያው ላይ ያለው የኦርጋን ድምፅ የተወሰደው ኤንዮ ሞሪኮኔ ለ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ» ፊልም ከሠራው ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ፒያኖ ሳይሆን ኦርጋን ምረጡ፤ ፒያኖ ተመትቶ ይሞታል፣ ኦርጋን ግን እስኪለቀቅ ይቆያል። የኪቦርዱን አውቶማቲክ ሪትምም አጥፉት።

ሁለቱ ኮርዶች ዲ ማይነርና ኢ ማይነር ናቸው። ዲ ማይነር ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ ነው፤ ኢ ማይነር ኢ፣ ጂ፣ ቢ። ሁሉም ነጭ ቁልፍ ስለሆነ ጣትህን ሳትቀይር ወደ ቀኝ አንድ ቁልፍ ታሸጋግራለህ። ሰስቴይን ፔዳል (ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላም ድምፁን የሚያቆየውን) አትርገጥ፤ ሁለቱ ኮርዶች ከተደራረቡ ስድስት ጎረቤታም ኖታ አብሮ ይጮህና ይጨቀያል። ጊታሪስቱ ዲ ማይነርን 5ኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው ክፍፍል) ላይ በባሬ፣ ማለትም በአንድ ጣት ክሮቹን አብሮ በመጫን፣ ይያዝ፣ ኢ ማይነር በዚያው ቅርፅ 7ኛ ፍሬት ላይ ይመጣል። ክፍቱን ኢ ማይነር ከተጠቀመ ስድስቱም ክር ስለሚጮህ ኮርዱ በተለወጠ ቁጥር ድምፁ ያብጣል።

ሶሎ የሚሞክር ካለ ቢ ፍላትን ይርሳ። የተለመደው የዲ ማይነር ስኬል ውስጥ አለ፣ እዚህ ግን ኢ ማይነር ውስጥ ያለው ንጹሕ ቢ ስለሆነ ይጋጫል። የሚሠራው ዲ ዶሪያን ነው፤ ማለትም የዲ ማይነር ስኬል ቢ ፍላቱ በንጹሕ ቢ ተተክቶ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ነው፤ የሚፈነዳው ግን ከግማሽ በኋላ ነው። ኮርዱ ስለማይለወጥ አድማጩን የሚይዘው የድምፁ መጠን ብቻ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ከጨረሳችሁት የምትሰጡት አይኖራችሁም። ልምምዱን ከኋላ ጀምሩ፦ መጀመሪያ ትልቁን ክፍል ተጫወቱና የአምፕሊፋየሩን ልክ በዚያ ወስኑ። ከዚያ አምፑን ሳትነኩ፣ መግቢያው ላይ የጊታሩን የድምፅ ማዞሪያ ወደ ግማሽ አውርዱት። ድራመሩም ክራሹን (ትልቁን ጯሂ ሲምባል) እስከ ፍንዳታው አይንካ (ይህን ማስከበር ከሁሉም ይከብዳል፣ ድራመር የምታውቁ ይገባችኋል)። ዲስቶርሽኑ (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው) ሲገባ ጌኑን፣ ማለትም የሻካራነቱን መጠን፣ ከመካከለኛ አታሳልፉ፤ ሲበዛ ማይነር የሚያደርገው ሦስተኛው ኖታ ይደበቃል።

ፍጥነቱ በደቂቃ 140 ምት አካባቢ ነው። ድምፁ ሲጨምር ሁሉም አብሮ ይፈጥናል፣ ያኔ ክብደቱ ይጠፋል። ድራመሩ ሜትሮኖሙን በጆሮ ማዳመጫ ይስማ፤ ከጀመራችሁበት ፈጥናችሁ እንደሆነ በስልክ ቅዱና መጨረሻውን ከመጀመሪያው አስተያዩ።

ድምፃዊያችሁ መጨረሻ ላይ ከታነቀ ሁለት ሴሚቶን (በጊታር ሁለት ፍሬት) አውርዱ፦ ሲ ማይነርና ዲ ማይነር፣ ጊታሩ 3ኛና 5ኛ ፍሬት። ኪቦርዱን በትራንስፖዝ (ጣትህን ሳትቀይር ድምፁን በሚያወርደው ቁልፍ) ካወረድከው ለቤዝ ተጫዋቹ ንገረው፤ እሱ ጣትህን አይቶ ከሆነ የሚከተልህ በድሮው ኮርድ ነው የሚገባው።