መልስ፦ ለሆስፒታል ወረፋ የሚጠየቀው ካርዲፍ ነው

ዌልስ ውስጥ የሆስፒታል ወረፋ ሲረዝም ማን ይጠየቃል፣ ለንደን ያለው የብሪታንያ መንግሥት ወይስ ካርዲፍ ያለው የዌልስ መንግሥት ብለሃል። ካርዲፍ ነው። ጤናና ትምህርት በዌልስ መንግሥት ሥር ናቸው፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት ግን እስካሁን በለንደን እጅ ነው ያሉት። ጣጣው ገንዘቡ ላይ ነው። አብዛኛው በጀት ከለንደን ስለሚመጣ ካርዲፍ ገንዘብ አነሰን ይላል፣ ለንደን ደግሞ ሰጥተናል፣ አጠቃቀሙን እነሱን ጠይቁ ይላል፣ በመሃል በሽተኛው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሕዝቡ ሲቆጣ ግን ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዌልስ የሰፈር መንገዶች የፍጥነት ወሰን በሰዓት ከ30 ወደ 20 ማይል ሲወርድ ከ400 ሺህ በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ ፈረመ። 3 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ላላት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም! ሕጉ አልተሻረም፤ ሆኖም የአካባቢ ምክር ቤቶች አንዳንድ መንገዶችን ወደ 30 እንዲመልሱ የዌልስ መንግሥት ላላ አለ። እኔን ካልከኝ ከመጀመሪያው ቢያማክሩ ይሻል ነበር።

አንተ ራስህ አቤቱታ ካለህ መጀመሪያ የአካባቢህን ሆስፒታሎች ለሚያስተዳድረው የጤና ቦርድ በጽሑፍ አስገባ። መልሱ ካላረካህ ወደ ዌልስ የሕዝብ አገልግሎት እንባ ጠባቂ ሂድ፣ ምንም አያስከፍልም።