ላሚቱ ከየት ጠጣች?

ሰላም መምህር። አባይ ማዶ ለቤት መሠረት ሲቆፈር የወጣውን የከብት መንጋጋ ፎቶ አየሁት። «ጥርሱ የጥንቱን ክረምትና በጋ ይናገራል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?» ብለው ጠይቀዋል። እውነት ነው። ግን በእኛ አገር፣ በተለይ ጣና ዳር፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ላሚቱ ውሃ ከየት ትጠጣ እንደነበር ነው። ሁለት ዓመት ጥርስ ስቦረቡር የገባኝ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

አጥንት ዕድሜ ልክ ይታደሳል። የጥርስ ላይኛው ነጭ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ አንዴ ከጠነከረ ግን አይታደስም። የላም መንጋጋ ጥርስ ረጅም ነው፤ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ ቀስ እያለ ይሠራል። ሦስተኛው፣ ማለትም የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፣ ጥጃዋ ዓመት ሊሞላት ሲል ጀምሮ ሁለት ዓመት አካባቢ ያልቃል። ስለዚህ ክረምቱም በጋውም በተራ በተራ ተቀምጠውበታል። የመጀመሪያው አይመረጥም፤ በአብዛኛው በእናቷ ሆድ ሳለች የተሠራ ነው። ላሚቱ አርጅታ ጥርሷ ከተበላ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ወራት አብረው ሄደዋል።

የምንለካው ኦክስጅንን ነው። ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው፤ 16 እና 18 ይባላሉ። ፀሐይ ውሃን ስታተን ቀላሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። በጋ ላይ የኩሬ ውሃ ከባዱ የሚበዛበት ለዚህ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዶፉ ሲወርድ ደግሞ ከባዱ ይቀንሳል። ላሚቱ ትጠጣለች፣ ጥርሷ ይመዘግባል። ስለ አውሮፓ የተጻፈውን ብቻ ያነበበ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። እዚያ ኩርባው፣ ማለትም ከጥርሱ ጫፍ እስከ ሥሩ የኦክስጅኑ ልኬት ሲወጣና ሲወርድ የሚሠራው መስመር፣ በዋናነት የሙቀትና የብርድ ነው። እኛ ጋ የዝናብና የትነት ነው።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል። በጥርስ ሐኪም መቦርቦሪያ ከጫፍ እስከ ሥር፣ በየሁለት ሚሊ ሜትሩ አንድ አንድ አግድም መስመር ይወጣል። ከእያንዳንዱ መስመር የሚገኘው ዱቄት በጥፍር ጫፍ የሚያዝ ነው። ክፍሉ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ዱቄቱ ነጭ እስከሆነ ድረስ ደህና ነው። ወደ ቢጫ ካደላና መርፌው ድንገት ለስለስ ያለ ነገር ውስጥ ከገባ ኢናሜሉን አልፈው ከውስጡ ያለውን ለስላሳ ክፍል፣ ዴንቲንን፣ ነክተዋል። የመጀመሪያ ጥርሴን ግማሹን ያህል እንዲህ አበላሽቼዋለሁ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል፤ የተቦረቦረ ጥርስ አይመለስም። ዱቄቱ ከዚያ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ቀላሉንና ከባዱን ለይቶ የሚለካው መሣሪያ፣ ወዳለበት ላብራቶሪ ይሄዳል።

ወደ ጣና ልመለስ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ነው። የግልገል አባይንም የጉማራንም የርብንም ውሃ ያደባልቃል፣ የዘንድሮውን ዝናብ ከአምናው ጋር ያቀላቅላል፣ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ ታተነዋለች። ከሐይቁ ብቻ የምትጠጣ ላም ኩርባዋ ይለዝባል። ይህን ያየ ሰው «ያኔ ክረምትና በጋ ብዙም አይለያዩም ነበር» ቢል ስህተት ነው። ኢናሜልም ቢሆን ለመጠንከር ወራት ስለሚፈጅበት ልዩነቱን ያደበዝዘዋል። እውነተኛው ልዩነት ሁልጊዜ ጥርሱ ላይ ከሚታየው ይበልጣል።

ለማነጻጸሪያ የዛሬ ጥርስ ስሰበስብ ፎገራ አንድ አባት አነጋገርኩ። ክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ሲተኛ ከብቶቻቸውን ወደ ዳገቱ ያወጣሉ፣ በጋ ሐይቁ ሲሸሽ ወደ ዳሩ ሣር ያወርዳሉ። የአንዷ ላም ጥርስ የሁለት ቦታ ውሃ ይዟል ማለት ነው። ደብተሬ ላይ «ፎገራ» ብቻ ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ እንደገና ጻፍኩ።

ጥርሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ደግሞ የበላችውን ይናገራል፤ እሱም ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው። የቆላና የወይና ደጋ ሜዳ ሣር አብዛኛው፣ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ከባዱ በሚበዛበት ወገን ናቸው። የዛፍ ቅጠል፣ ገብስ፣ ስንዴና ሽምብራ በሌላው ወገን። የዛሬ የፎገራ ከብት የሩዝ ገለባ ይበላል፣ ሩዝ ከገብስ ወገን ነው። ስለዚህ በካርቦን በኩል ለጥንቷ ላም መለኪያ አትሆንም።

ይህ ዘዴ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማየት ከፈለጉ ከእኛ በስተምዕራብ ሽንፋ አለልዎት። ሽንፋ-መተማ 1 የተባለው የጥንት ሰዎች መኖሪያ ቦታ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከ74,000 ዓመት በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የበተነው፣ በዓይን የማይታይ የመስታወት ብናኝ እዚያ አፈር ውስጥ ተገኘ። የእንስሳት ጥርስና የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኦክስጅን ድርቁ መበርታቱን አሳየ። ሰዎቹ በዚያን ጊዜ ዓሣ መብላት አበዙ፤ ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ዓሣው በቀላሉ ይያዛል። ጥርሱና የዓሣው አጥንት አንድ ላይ ሲነበቡ ሰው በጋን እንዴት እንዳለፈ ይታያል። እኔን ከዚህ ሥራ ያልለየኝ ይሄ ነው።

የእርስዎን መንጋጋ እባክዎ አይጠቡት፣ በረኪና አይንካው፣ የተሰበረውን በሙጫ አያጣብቁት። በወረቀት ጠቅልለው ደረቅ ካርቶን ውስጥ ያስቀምጡትና ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ ያሳውቁ። ናሙና ወደ ውጭ የሚላከው በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ብቻ ነው። ዕድሜው ካልታወቀ ግን የትናንት ላም ሊሆንም ይችላል። ጉድጓዱ ገና ካልተደፈነ ዛሬውኑ ይሂዱና ከስንት ሜትር እንደወጣ ቆፋሪዎቹን ይጠይቁልኝ። ግድግዳው ላይ የአመድ መስመር ወይም የሸክላ ስባሪ ካለ አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጠው ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ።