መስመሩ ተጠገነ፣ ሰርቨሩ ግን ባሰበት

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ። የመሥሪያ ቤታችን ሊኑክስ ሰርቨር ከስቶሬጁ (ዲስኮቹ ካሉበት ማሽን) ጋር በሁለት የፋይበር ኬብል ተያይዟል። ባለፈው አንዱ ሲበላሽ ሥራው በሌላው ቀጠለ፣ ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ጉዱ የመጣው ኬብሉ ከተቀየረ በኋላ ነው። ዳታቤዙ ቀጥ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቀቃል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል። መስመር ሲጠገን እንዴት ይብስበታል? (የሲስተም አስተዳዳሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ መስመሩ በደንብ አልዳነም ብዬ እጠረጥራለሁ። ግማሽ ጤነኛ መስመር ደግሞ ጨርሶ ከሞተው ይብሳል።

ኬብል ተነቅሎ ብርሃኑ ሲጠፋ ሰርቨሩ ላይ ያለው የፋይበር ካርድ ወዲያው ያውቃል። መልቲፓዝ፣ ማለትም ሁለቱን መስመሮች የሚያስተዳድረው የሊኑክስ ፕሮግራም፣ በተለመደው ቅንብሩ 5 ሰከንድ ያህል ይታገስና እዚያ ላይ የተንጠለጠለውን ንባብና ጽሕፈት በሌላው መስመር ይልከዋል። ፌይልኦቨር ማለት ይኸው ነው፤ ፕሮግራሙ ስህተት አያይም፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ። ብርሃኑ ሳይጠፋ ዳታው እየተበላሸ ሲያልፍ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሊኑክስ ለአንድ የዲስክ ትዕዛዝ በተለምዶ 30 ሰከንድ ስለሚሰጥ፣ መልስ ያጣ ትዕዛዝ ያን ያህል ተገትሮ ሊቆይ ይችላል። ዳታቤዝዎ ቀጥ የሚለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከዚያ ፌይልባክ ይመጣል፣ ሥራው ወደ ቀድሞው መስመር መመለሱ ማለት ነው። መልቲፓዝ የወደቀውን መስመር በየ5 ሰከንዱ ይፈትሻል። ፍተሻው ግን በጣም ቀላል ነው፣ "አለህ?" ብሎ እንደመጣራት፤ ደካማ መስመርም "አለሁ" ብሎ ያልፋል። ፌይልባክ "ኢሚዲየት" ላይ ከሆነ ሥራው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ወደ እሱ ይመለሳል፣ ጭነት ሲበዛበት ይወድቃል፣ ሥራው ወደ ሁለተኛው ይሸሻል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያው መስመር ፍተሻውን ያልፋል። እንዲህ ሲመላለስ ይውላል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ፌይልባክን "ማኑዋል" (በእጅ ካልታዘዘ የማይመለስ) ያድርጉት። "እኔ ምንም ስላልጻፍኩ ማኑዋል ይሆናል" ብለው አይተዉት። መልቲፓዝ በራሱ የሚነሳው በማኑዋል ነው፣ ግን ለብዙ የስቶሬጅ ሞዴሎች አብሮት የሚመጣው ቅንብር ኢሚዲየት ነው። ቀጥሎ ኬብሎቹን ከስቶሬጁ ጋር የሚያገናኘው ስዊች ላይ የዚያን መስመር ፖርት የሲአርሲ ስህተት ቆጣሪ (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ የሚቆጥረውን) ይዩ። እየጨመረ ከሆነ ፖርቱን ይዝጉት። ከመዝጋትዎ በፊት ግን "መልቲፓዝ -ኤልኤል" ብለው ሌላው መስመር "አክቲቭ ሬዲ ራኒንግ" መሆኑን ያረጋግጡ፣ እባክዎ ይህን አይዝለሉት። መልቲፓዝ ሁለቱን መስመሮች አንድ ግሩፕ ውስጥ (ሥራ ተካፍለው የሚሠሩ አድርጎ) ካስቀመጣቸው ደግሞ ማኑዋል ብቻውን አያድንዎትም፤ ፌይልባክ የሚሠራው በግሩፖች መካከል ነው፣ በአንድ ግሩፕ ውስጥ ያለ መስመር ፍተሻውን እንዳለፈ ሥራ ይሰጠዋል። እሱን የሚያስቆመው ፖርቱን መዝጋት ነው።

ከዚያ ኬብሉን ብቻ ሳይሆን ጫፉ የሚሰካበትን ኤስኤፍፒ ይቀይሩ፣ የፋይበሩንም አፍ በራሱ ማጽጃ ያጽዱ። ብዙ ሰው ኬብል ለውጦ ኤስኤፍፒውን ይረሳል።

መስመሩ ከዳነ በኋላ ማኑዋል ላይ ትቶ መርሳትም ጥሩ አይደለም። ብዙ ስቶሬጅ ላይ ዲስኩን በቀጥታ የሚያስተናግደው አንዱ ኮንትሮለር (የስቶሬጁ መቆጣጠሪያ ክፍል) ነው፣ ሌላው ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚያደርሰው፤ ሥራው በዚያ በዘገምተኛው መንገድ ማንም ሳያውቅ ወራት ሊከርም ይችላል። እኔ የምመርጠው በኢሚዲየት ፋንታ የሰከንድ ቁጥር ማስቀመጥ ነው፣ ለምሳሌ 300። መስመሩ ተመለሰ ተብሎ ወዲያው ሥራ አይጫንበትም። አንድ ዲስክ የሚጋሩ የክላስተር ሰርቨሮች ካሉዎት ግን "ፎሎውኦቨር" የሚለውን ይጠቀሙ፤ አንዱ ሰርቨር ሥራውን ወደ ሌላ ኮንትሮለር ሲያዞር ሌላው መልሶ እንዳይጎትተው የተሠራ ነው።

አንድ ነገር አልነገሩኝም፤ ሁለቱ ኬብሎች የሚገቡት አንድ ስዊች ውስጥ ነው? ከሆነ ስዊቹ የጠፋ ቀን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ፣ መልቲፓዝም የሚያዞርበት የለውም። አለቃዎን ሁለተኛ ስዊች ይጠይቁ።