በማደጎ የወሰድነው ግሬይሀውንድ ምን ነካው? ጥያቄና መልስ

ግሬይሀውንድ ለእሽቅድምድም የሚራባ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም ውሻ ነው። የፍሎሪዳ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰጠው ድምፅ መሠረት የውሻ እሽቅድምድም ውርርድ በ2020 መጨረሻ እዚያ ቆመ። ሩጫ ያቆሙ ውሾችን ቤተሰቦች በማደጎ ይወስዷቸዋል። እኔም ለዓመታት አሳድጌያቸዋለሁ፤ የእንስሳት ሐኪም ግን አይደለሁም። የምመልሰው ወደ ሐኪም ስትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ውሻችንን ከወሰድነው ሁለት ዓመት ሆነው። እንደሱ የዋህ አላየሁም ነበር። ሰሞኑን ግን ልጄ ሶፋው ላይ አጠገቡ ስትቀመጥ አጉረመረመባት። አልነከሳትም። ባለቤቴ ግን "ወደመጣበት ይመለስ" እያለ ነው። (ቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በመጀመሪያ፣ ስላጉረመረመ አትቅጪው። "ተይኝ" የሚልበት ቋንቋው ነው። ማጉረምረም ክልክል መሆኑን ከተማረ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል።

ተኝቶ ነበር? እነዚህ ውሾች በሩጫ ዘመናቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚተኙት ለየብቻቸው በየኬጃቸው ነው። እንቅልፍ ላይ እያሉ የሚነካቸው አልነበረም። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓይናቸውን ገልጠው ስለሚተኙ የነቁ ይመስላሉ። ስለዚህ ከመጠጋታችሁ በፊት በስሙ ጥሩት፤ ልጅቷም እሱ የተኛበት ቦታ አትሂድ።

ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሳያደርግ ቆይቶ አሁን ከጀመረ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሕመምን ነው። የዚህ ዘር ጥርስና ድድ ቶሎ ይበላሻል። የታችኛው ጀርባ ነርቭ መጨናነቅም ያጠቃቸዋል። ደረጃ መውጣት ወይም መኪና ላይ መዝለል እምቢ ካለ፣ ሲነሳ ከከበደው፣ ይህንን ለሐኪሙ ንገሪው። ሶፋው ሲንቀሳቀስ ጀርባው ታምሞ ይሆናል። ባለቤትሽ ከመወሰኑ በፊት አፉ፣ አንገቱና ጀርባው በደንብ ይታይ። ያመመውን ውሻ ሥልጠና አያድነውም።

ጥያቄ፦ የእኛዋ ድንገት ከቤት መውጣት ጠላች። አስፋልት ላይ ታነክሳለች፣ ሣር ላይ ግን ትሮጣለች። ሰንፋ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የእግሯን መርገጫ እርጥብ አድርገው በብርሃን ይዩት። ክብ፣ ደረቅ፣ ጠንካራ ነጥብ ካዩ እንደ ሰው የእግር ኮርን ያለ ነገር ነው። ግሬይሀውንዶች ላይ በጣም ይበዛል። ጠንካራ መሬት ላይ ሲረግጡት ያማል፣ ለስላሳ ላይ ይቀላል። ሐኪም ያስተካክለዋል፤ ተመልሶ ሊመጣ ግን ይችላል።

መርገጫዋ ላይ ምንም ከሌለና ማነከሷ ቀናት አልፈውት ካልለቀቃት፣ ወይም አጥንቷ አካባቢ እብጠት ካለ ኤክስሬይ እንዲያነሱላት ይጠይቁ። የአጥንት ካንሰር በዚህ ዘር የተለመደ ነው። ላስደነግጥዎ ብዬ አይደለም፤ "ወለምታ ነው" ተብሎ ወራት የሚባክንበት ስለሆነ ነው። ደግሞ የሰው ማስታገሻ፣ በተለይ አይቡፕሮፌን፣ እንዳይሰጧት። ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ውሻዬ ፈዘዘ። በደም ምርመራ ታይሮይዱ (የአንገት ዕጢ ሆርሞኑ) ዝቅተኛ ነው ተባለና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን ታዘዘለት።

መልስ፦ ጤነኛ ግሬይሀውንድም የታይሮይድ ሆርሞኑ ከሌሎች ውሾች ያነሰ ነው። ቀይ የደም ሕዋሱ ይበዛል፣ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሕዋስ) ያንሳል። በሌላ ውሻ መለኪያ ሲታይ ጤነኛው በሽተኛ ይመስላል። ክኒኑን በራስህ አታቁም፤ ሐኪምህን ግን "ውጤቱ ከዚህ ዘር መለኪያ ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን)ስ ታይቷል?" በለው። የመዥገር በሽታዎችንም፣ ባቤዢያንና ኤርሊኪያን፣ ይመርምርለት። ውሻው ከሩጫ ቤቱ ይዟቸው መጥቶ ከዓመታት በኋላ ሊወጡ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከትናንት ማታ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፣ መታጠቢያ ቤት ይደበቃል።

መልስ፦ የጭስ አላርሙ ባትሪ እያለቀ "ጢት" እያለ እንደሆነ ይስሙ። ብዙ ውሾችን ያስጨንቃል። እሱ ካልሆነ ሕመም ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ያሳዩት። ሆዱ ከተነፋ፣ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው ግን ይህን ማንበብ ትተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሮጡ። ጨጓራው ተጠምዝዞ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ከበዓል የተረፈ ዶሮ ወጥ በላ። አሁን ደክሞታል።

መልስ፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ በወጣችን ውስጥ ደግሞ ሽንኩርቱ ብዙ ነው። ምልክቱ ከቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ የድድ መገርጣት፣ የሽንት መጥቆር፣ ድካም። አሁኑኑ ይውሰዱት። ምን እንደበላና መቼ እንደበላ አይደብቁ። የዶሮ አጥንት ከዋጠም ይናገሩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ግሬይሀውንድ አይደለም። አዲስ አበባ ነኝ፤ ከመንገድ አንስቼ ያሳደግኩት ውሻ ከሁለት ቀን ወዲህ ባሕርዩ ተለወጠ። ለሀጩ ይንጠባጠባል፣ ውሃም አልጠጣ አለ። አጥንት ተሰክቶበት ይሆን?

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን እባክህ እጅህን አፉ ውስጥ አትክተት! የእብድ ውሻ በሽታም መዋጥ ይከለክላል፣ ለሀጭ ያዝረከርካል። ከሰውና ከእንስሳት ለይተህ ዝጋበትና የእንስሳት ሐኪም ጥራ። የነከሰው፣ ወይም ቁስሉን የላሰው ሰው ካለ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ሰው ላይ ምልክት ካሳየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜ ከተጀመረ ግን ያድናል። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚፈልግ ካለ ክትባቱን ከጀመረ በኋላ ይሁን። የቤቱን ልጆችም አንድ በአንድ ሳትቆጣ ጠይቃቸው፤ ጭረቱን ፈርተው ይደብቃሉ።