30,000 ዘፈን፣ የሚደመጠው ግን ስንቱ ነው?

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ላይ ወደ 30,000 የሚጠጉ ዘፈኖች አሉኝ። ዲስኩ ስለሞላ ትልቅ ልገዛ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ግን «ሁልጊዜ የምትሰማው እነዚያኑ ነው» ትለኛለች። የማልሰማውን ለይቼ ብሰርዝ ይሻላል? ከአባቴ የወረስኳቸው 300 ያህል ካሴቶችም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ባለቤትዎ የተሳሳቱ አይመስለኝም። አንድ ዘፈን በአማካይ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 30,000 ዘፈን 2,500 ሰዓት ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢያዳምጡ፣ አንዱንም ሳይደግሙ፣ ለመጨረስ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ይወስድብዎታል። የሚወደውን ዘፈን ሳይደግም የሚያልፍ ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

በግምት ከመጨቃጨቅ ግን መቁጠር ይሻላል። አይቲውንስ የተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደተጫወተ ይመዘግባል፤ ፉባር 2000 የተባለው ሌላ ማጫወቻ ደግሞ ለዚሁ የተሠራ ተጨማሪ ክፍል አለው። ቁጥራቸው ዜሮ የሆኑትን ብቻ ሰብስብልኝ ሲሉት ዝርዝሩን ያወጣልዎታል። ቁጥሩን ግን እንደ ፍርድ አይውሰዱት። የሚቀመጠው በማጫወቻው መዝገብ ውስጥ ስለሆነ ፋይሎቹን ሲያዛውሩ ወይም ማጫወቻ ሲቀይሩ ሊጠፋ ይችላል። መኪና ውስጥ በፍላሽ የሚሰሙት ከነጭራሹ አይቆጠርም። አይቲውንስ የሚቆጥረው ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ሲሄድ ነው፤ እንግዳ መጥቶ ወሬ ይዘው ማንም ሳይሰማው ያለቀውም አብሮ ይደመራል። በዚያ ላይ ወቅት አለ። የእንቁጣጣሽ ዘፈን በግንቦት ዜሮ ቢሆን ምን ይገርማል? በዐቢይ ጾም ዘፈን የማይከፈትበት ቤት ስንት ነው? ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቆጥሩ አንዲት ፋይል እንዳይነኩ።

ዜሮ ላይ ከሚቀሩት ውስጥ ብዙዎቹ ስለማይወደዱ አይደለም፤ ስለማይገኙ ነው። ደንበኞቼ የሚያመጡልኝን ዲስክ ስከፍት አንዱ ድምፃዊ ሦስትና አራት ቦታ ተበትኖ አገኘዋለሁ። «ጥላሁን ገሠሠ» አንድ ፎልደር፣ «ጥላሁን ገሰሰ» ሌላ ፎልደር፣ በላቲን ፊደል የተጻፈው ሦስተኛ፣ «ትራክ 01» የተባለውና ማን እንደዘፈነው የማይታወቀው አራተኛ። «ማህሙድ» ብለው ሲፈልጉ «ማሕሙድ» ተብሎ የተቀመጠው አይመጣም፤ ብዙው ማጫወቻ ሀን እና ሐን፣ ሰን እና ሠን እንደ አንድ አያይም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድምፃዊ አንድ አጻጻፍ ይምረጡና መረጃውን ያስተካክሉ። የፋይሉን ስም መለወጥ ብቻውን አይበቃም፤ ማጫወቻው የሚያነበው በፋይሉ ውስጥ የተጻፈውን የድምፃዊና የአልበም መረጃ ነው። አሰልቺ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ በቀን አንድ ድምፃዊ ከያዙ ግን ይገፋል።

የሚሰረዝ ካለ ድግግሞሹ ነው። አንድ ዘፈን ሁለት ጊዜ ካለዎት የተሻለ ድምፅ ያለውን ያስቀሩ። መጠኑ የበለጠው ፋይል ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብለው እንዳይሸወዱ፤ በ128 ኪሎቢት (ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ተጨምቋል ማለት ነው) የተጨመቀን ኤምፒ3 በ320 መልሶ መጭመቅ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የጠፋውን ድምፅ አይመልስም። በጆሮዎ ያወዳድሩ፤ የጸናጽሉና የ«ሰ» ድምፅ ይለይልዎታል።

ወደ ካሴቶቹ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። አባትዎ ከሱቅ የገዟቸው ዘፈኖች ሌላ ሰው ዘንድ ሊገኙ ይችላሉ። በእጃቸው የቀዱት፣ ማለትም ሠርግ፣ ከራዲዮ የተያዘ ዝግጅት ወይም የቤተሰብ ድምፅ፣ ያ ካሴት ከተበላሸ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የእጅ ጽሑፍ ያለባቸውን ይለዩ። ከማጫወትዎ በፊት ካሴቱን ወደ ብርሃን አዙረው ክፍት በሆነው ጎኑ መካከል ይመልከቱ፤ ከክሩ ጀርባ በቀጭን ብረት ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስፖንጅ መሳይ ጨርቅ አለች። ማጣበቂያዋ ደርቆ ከወደቀች ድምፁ ይታፈናል፣ ይርገበገባል። በብሎን የተዘጋ ካሴት ከሆነ ከማይፈለግ ሌላ ካሴት አውጥተው መተካት ይችላሉ። በጀርባው ጠርዝ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ፤ በስህተት ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳበት ይከላከላሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ እስከ ጫፍ አጠንጥነው ይመልሱት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ክር ይላቀቃል። የማጫወቻውን ሄድ፣ ማለትም ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮልና በጥጥ ይጥረጉ።

ሲቀዱ አቋራጭ የለም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል። ዋቭ በተባለው ባልተጨመቀ የፋይል ዓይነት፣ በሲዲ ጥራት፣ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ 300 ካሴቶች 180 ጊጋባይት ገደማ ይሆናሉ። ፍላክ ወደተባለው የፋይል ዓይነት ቢቀይሩት ምንም ድምፅ ሳይጠፋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

አዲሱን ዲስክ ይግዙ፤ ነገር ግን አሮጌውን ባዶ አድርገው ሌላ 30,000 ዘፈን እንዲጭኑበት አይደለም። ሁሉንም ይገልብጡበትና አንደኛውን ዲስክ ሌላ ቤት ያስቀምጡ፤ እህትዎ ወይም ጎረቤትዎ ዘንድ ቢሆን በቂ ነው።