የሪቮልቨር እጀታ፦ ጣትህ ምላጩ ላይ የት ያርፋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አለህ? ከአባቴ የወረስኩት፣ ፈቃዱም በስሜ የሆነ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ሪቮልቨር ሽጉጥ አለኝ። ልምምድ ላይ ስተኩስ ምላጩን የከበበው ብረት የመሃል ጣቴን እየመታ ያሳብጠዋል። እጄ ትንሽ ነው። ጓደኞቼ «ወፍራም የጎማ እጀታ ግጠምበትና ተገላገል» ይሉኛል። ልስማቸው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ቆይ፣ ብርህን አታውጣ። የድሮው የሞዴል 10 እጀታ ግራና ቀኝ የሚገጠሙ ሁለት እንጨቶች ነው፤ የፊቱንና የኋላውን ብረት አይሸፍንም። ስለዚህ ምላጩን ከከበበው ብረት ጀርባ ባዶ ቦታ ይቀራል። የመሃል ጣትህ እዚያ ይገባል፣ ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ ደግሞ ብረቱ አንጓህ ላይ ያርፋል። የሚያስፈልግህ ያንን ክፍተት የሚሞላ ነገር ነው። ታይለር ቲ-ግሪፕ የሚባል ትንሽ መሙያ አለ፤ ነባሩን እጀታ ሳትቀይር ከሥሩ ይገጠማል።

ወፍራሙ ጎማ ክፍተቱን ይሞላል፣ እሱ እውነት ነው። ግን አብዛኛው የኋላውንም ብረት ስለሚሸፍን መዳፍህን ከምላጩ ያርቀዋል፣ ለትልቅ እጅ ሸጋ ነው፣ ላንተ ግን አንዱን ሕመም በሌላ መለወጥ ይሆናል።

እስቲ ሞክረው። ጥይቱን አውጣ፣ የጥይት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ እይ፣ ደግመህም እይ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር። አፈሙዙና ክንድህ ቀጥ ባለ መስመር እንዲሆኑ አድርገህ ያዝና ጣትህን ምላጩ ላይ አድርግ። ሳታቀባብል፣ ማለትም መዶሻውን በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ሳትስብ፣ የምላጩን ረጅም ስበት የምትስብ ከሆነ፣ ምላጩ የመጀመሪያው አንጓ እጥፋት አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ አቀባብለህ ከሆነ የጣትህ ጫፍ ሥጋ ይበቃል። ጫፉ ብቻ እየደረሰ ነው? እንግዲያው የኋላው ብረት ባዶ የሆነ እጀታ ያዝ። ጣትህ አልፎ ከሄደ ደግሞ የኋላውን የሚሸፍነው ይሻልሃል። ለመድረስ ብለህ ሽጉጡን መዳፍህ ውስጥ አታጣምም፤ ምቱ በሙሉ የአውራ ጣትህ አንጓ ላይ ይወርድብሃል።

የጣት ቦይ የተቀረጸበት እጀታ ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል። እኔ አልወደውም። ቦዩ የተለካው በሌላ ሰው ጣት ነው፣ ያንተ ጣት ጉብታው ላይ ካረፈ ቦይ ከሌለው ይብሳል።

ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ ልኩን እወቅ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሽጉጦቹን አካል መጠን በፊደል ይለያል፤ ሞዴል 10 የኬ ልክ ነው። የኬ እና የኤል እጀታ ይገጣጠማል፤ ጄ ያንሳል፣ ኤን ይተልቃል። የእጀታው ግርጌ ክብ ይሁን ካሬም ለይ። የኮልት እጀታ አይሆንም።

እዚሁ ማሠራትም ይቻላል። ቸርችል ጎዳና ላሉት የቅርጻ ቅርጽ ሱቆች ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ወይራ ያውቃሉ፤ ጠንካራ እንጨት ነው። ሽጉጡን ይዘህ እንዳትሄድ፣ አደራ! እንጨቶቹን ብቻ ለናሙና ውሰድ። ሲፈቱ በቢላ አትፈልቅቃቸው፤ ብሎኑን ጥቂት ዙር አላላና አናቱን ቀስ ብለህ ምታው፣ ወዲያኛው እንጨት ይነሳል። አዲሱን ወፈር አድርገው ይሥሩልህ፣ ቤትህ እየሞከርክ በብርጭቆ ወረቀት ታሳሳዋለህ። የሽጉጡን ብረት ግን ማንም ሞረድ እንዳያሳርፍበት።

ጥያቄ፦ ጎማ ይሻላል ወይስ እንጨት? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ብዙ የምትተኩስ ከሆነ ጎማ፣ ምቱን ያለዝበዋል። ኮት ሥር የምትይዘው ከሆነ እንጨት፣ ጎማ ጨርቅ እየያዘ ያስቸግራል። የትኛውንም ብትመርጥ ግን ጥይት በአንዴ የሚያጎርስ መሣሪያ ካለህ፣ የእጀታው የግራ ጎን ከላይ በኩል መቀነሱን አይተህ ግዛ፤ ካልተቀነሰ መሣሪያው እሱ ላይ እየተጋጨ ጥይቱ አይገባልህም።