ጥያቄና መልስ፦ የጥናት ጽሑፍን ቋንቋ ስንመረምር

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ተመራማሪዎች ሲጽፉ ቋንቋን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ማጥናት ነው። የምችለውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አደራ፦ ከመቁጠራችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዲስኩር ትንተና ይሻላል ወይስ ኮርፐስ?

መልስ፦ ለምኑ? የዲስኩር ትንተና ጽሑፍ ከነዐውዱ እንዴት እንደሚሠራ በንባብ ይመረምራል፤ ኮርፐስ ደግሞ በኮምፒውተር ለመፈለግና ለመቁጠር የተሰበሰበ የጽሑፍ ክምችት ነው። ማወቅ የፈለግከውን ሳትነግረኝ ዘዴ ልመርጥልህ አልችልም።

ጥያቄ፦ እኔ 40 የሥነ ጽሑፍ ጥናቶችን ሰብስቤ «ይመስላል» እና «ሊሆን ይችላል» የሚሉትን በኮምፒውተር ቆጠርኩ። በጣም ብዙ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በራሳቸው አይተማመኑም ብዬ ልደምድም?

መልስ፦ እንዳታደርጊው እህቴ! ዕድሜዬን የፈጀሁበት ጉዳይ ነውና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አነጋገርን የሚያለዝቡ እንዲህ ያሉ ቃላትን ማለዘቢያ እንበላቸው። ሐሳቡን በሥነ ልሳን ያስተዋወቀው ጆርጅ ላኮፍ ነው፣ በ1972 እ.ኤ.አ.። በኋላ የቋንቋ ተመራማሪው ኬን ሃይላንድ የተለያዩ መስኮችን የጥናት ጽሑፎች አነጻጸረ። ማለዘቢያ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከምሕንድስና ይልቅ በሰብአዊና በማኅበራዊ መስኮች በዝቶ አገኘው። ታዲያ የፍልስፍና ምሁር ከመሐንዲስ ይልቅ ፈሪ ነው ልንል ነው? አይደለም። በነዚያ መስኮች ማስረጃው ለትርጓሜ ክፍት ነው። ጸሐፊው አንባቢው ሊቃወመው እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ቦታ ይተውለታል።

እስቲ እነዚህን አስተያዪ። «ደራሲው ጦርነትን ይጠላል» እና «ከዚህ ምዕራፍ እንደምንረዳው ደራሲው ጦርነትን የሚጠላ ይመስላል»። ሁለተኛው ድክመት አይደለም። ማስረጃው የሚሸከመውን ያህል ብቻ መናገር ነው።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። «ገጸ ባሕርይው አባቱን ይመስላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን «ይመስላል» ኮምፒውተሩ ከማለዘቢያ ጋር ደምሮልሻል። ይሄ ግን መልክ ነው። «ሦስት ቋንቋ መናገር ይችላል» ችሎታ ነው፤ «ማቋረጥ ይችላል» ደግሞ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። ቅርጹ አንድ፣ ሥራው ብዙ። ስለዚህ ቃሉ የተገኘበትን እያንዳንዱን መስመር ከነዐውዱ አንብቢ። ከዚያ ቁጠሪ።

ጥያቄ፦ የትኛው ሶፍትዌር ጥሩ ነው?

መልስ፦ አንትኮንክ። ነፃ ነው።

ጥያቄ፦ በሁለት ጸሐፊዎች ሥራ ውስጥ አንድ ቃል ቆጠርኩ። አንዱ 40 ጊዜ፣ ሌላው 60 ጊዜ ተጠቅሞበታል። ሁለተኛው ያዘወትረዋል ማለት ነው?

መልስ፦ የጽሑፎቹ ርዝመትስ? የመጀመሪያው 20,000 ቃል፣ ሁለተኛው 60,000 ቃል ቢሆን፣ በ1,000 ቃል ሲሰላ 2 ለ1 ነው። የሚያዘወትረው የመጀመሪያው ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ሳታሰላ አታወዳድር። ካሰላህም በኋላ መስመሮቹን አንብብ።

ጥያቄ፦ «ሥራ» የሚለውን ቃል ስፈልግ ከጠበቅኩት በጣም ያነሰ ወጣልኝ።

መልስ፦ «ስራ» ብለህም ፈልግ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እነዚህ ሁሉ ቆጠራ ይበትናሉ። ቅድመ ቅጥያም አለ። «የሥራ»፣ «በሥራው»፣ «ለሥራዎች» ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የጽሑፉን ቅጂ አውጥተህ ፊደሉን አንድ ወጥ አድርግ። ዋናውን ግን እንዳትነካው።

አንድ አባል፦ ለዚህ እኮ ነው ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የምንለው! አንድ ድምፅ፣ አንድ ፊደል።

ሌላ አባል፦ ለኮምፒውተር ብለን ፊደል እንጣል? «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌላ ነው። የግእዙ ሥር ይጠፋል።

የመጀመሪያው አባል፦ ዛሬ ማን ነው ፀሐይ ወጣች ለማለት «ሠረቀች» የሚል? ሰው ከዐውዱ ይለየዋል።

መልስ፦ ወዳጆቼ፣ ክርክሩ መልካም ነው፤ የዛሬው ጥያቄ ግን አይደለም። የእኛ ሥራ ሰዎች የጻፉትን እንዳለ ማየት ነው። ጸሐፊው የቱን ፊደል መረጠ የሚለው ራሱ መረጃ ነው። ዋናውን አትንኩ ያልኩትም ለዚሁ ነው። እንቀጥል።

ጥያቄ፦ የጥናት መግቢያ እንዴት ይተነተናል?

መልስ፦ ከቋንቋ ተመራማሪው ጆን ስዌልስ ጀምሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያን በሦስት እርምጃ ይከፍለዋል። ጸሐፊው መጀመሪያ መስኩን ያሳያል፣ ቀጥሎ ክፍተቱን ይጠቁማል፣ ከዚያ የራሱን ጥናት ክፍተቱ ላይ ያኖራል። ግን ሞዴሉን በግድ አታልብሱት። ክፍተት የማይጠቁም መግቢያ ካገኛችሁ «ጎደለ» ብላችሁ አትለፉ። ለምን እንደሌለ ጠይቁ። ምናልባት ያ መስክ ሰውን መንቀፍ አይወድም። ይህን የሚነግራችሁ ሞዴሉ ሳይሆን ንባቡ ነው።

ጥያቄ፦ ኮርፐስ ስንት ቃል መሆን አለበት?

መልስ፦ እንደ ጥያቄው ነው። የብራውን ኮርፐስ 1 ሚሊዮን ቃል ገደማ ነበር፤ በ1961 እ.ኤ.አ. ከታተሙ 500 የእንግሊዝኛ ናሙናዎች የተሰበሰበ። ብርቅ ቃል ለሚፈልግ እሱም አይበቃም። የመግቢያን አወቃቀር ለሚያጠና ግን በደንብ የተነበቡ 40 ጽሑፎች ብዙ ያስተምራሉ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአጠቃላይ የትኛውን ዘዴ ይመክራሉ?

መልስ፦ ይህ ከላይ ተጠይቆ ተመልሷል። እባካችሁ የተጻፈውን አንብባችሁ ጠይቁ። «በአጠቃላይ» የሚባል ዘዴ የለም።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 40ዎቹን ጥናቶች የሰበሰብኩት ነኝ። አሁን የመጀመሪያዎቹን 20 መስመሮች አነበብኩ። 7ቱ «እናቷን ትመስላለች» ዓይነት ናቸው። ሁለቱ ደግሞ ከልቦለዱ የተጠቀሱ ንግግሮች ናቸው፤ የአጥኚው ቃል አይደሉም።

መልስ፦ ጎበዝ! ጥቅሱን እኔም አላነሳሁልሽም ነበር። 9ኙን ለይተሽ በሌላ ፋይል አስቀምጪ፤ ምክንያቱንም በየመስመሩ ጻፊ። ከዚያ 21ኛውን ቀጥዪ።